ሌክሲንግተን፦ በኮሌራ መሃል ድምፅ የተለመነባት ከተማ

ከኮሎምበስ ኦሃዮ ተነስተን፣ ሲንሲናቲን አልፈን ኬንታኪ ስንገባ አገሩ ሁሉ ሣርና ፈረስ ነው። አብዛኛው ሰው ሌክሲንግተን የሚሄደው ለፈረሶቹ ነው። እኔን የሳበኝ ግን የሮበርት ቶድ ታሪክ ነው። የአብርሃም ሊንከን አማት፣ የሜሪ ቶድ አባት። በ1849 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው) ለኬንታኪ ሴኔት ሲወዳደር፣ ገና ቅስቀሳው ሳያልቅ ጁላይ ላይ ኮሌራ ገደለው።

ቤቱ ዌስት ሜይን ስትሪት ላይ ነው፤ አሁን ሙዚየም ሆኗል። በፊት የእንግዳ ማረፊያ የነበረ፣ 14 ክፍል ያለው የጡብ ቤት ነው። ቶድ ራሱ ባሪያ አሳዳሪ ነበር። ግን ባሪያ ከሌላ ግዛት እያመጡ መሸጥን የሚከለክለውን የ1833ቱን ሕግ ስለደገፈ፣ ተቀናቃኞቹ የባርነት ጠላት ነው ብለው ዘመቱበት። የ1849ኙ ምርጫ የዋዛ አልነበረም። አዲስ ሕገ መንግሥት የሚያረቁ ሰዎችም አብረው ስለሚመረጡ፣ ባርነት ይቅር ወይስ ይቀጥል የሚለው ክርክር ከየመድረኩ አልወርድ ብሎ ነበር። ጁን ላይ ፎክስታውን በምትባል መንደር ንግግር ተደርጎ ጩቤ ተማዘዙ፤ የባርነት ተቃዋሚው ካሲየስ ክሌይ ክፉኛ ቆሰለ፣ እሱ የወጋው ሳይረስ ተርነር ደግሞ ሞተ።

ኮሌራው ታዲያ ከተማው ውስጥ ነው። ሰው መሰብሰቡን ግን አላቆመም። የዚያ ዘመን ቅስቀሳ ማለት ከመንደር መንደር በፈረስ መዞር፣ እጅ መጨበጥ፣ አብሮ መብላትና የተገኘውን ውኃ መጠጣት ነው። ምርጫው ራሱ ሦስት ቀን ይፈጃል፣ ድምፅም በወረቀት አይሰጥም፤ መራጩ በሰው ፊት ቆሞ የሚመርጠውን ሰው ስም ጮክ ብሎ ይናገራል። የአካባቢው መሬት ደግሞ የኖራ ድንጋይ ነው፣ ስንጥቅጥቅ ያለ። ከመጸዳጃ ጉድጓድ የሰረገው በድንጋዩ ስንጥቅ አድርጎ ምንጭና የውኃ ጉድጓድ ውስጥ ይገባል። ያኔ ይህን የሚያውቅ አልነበረም፤ ብዙ ሐኪሞች ጥፋቱን በመጥፎ አየር ነበር የሚያሳብቡት። ፕሬዚዳንት ዛካሪ ቴይለር አገሩ ሁሉ እንዲጾምና እንዲጸልይ አወጁ። ጾሙ አርብ ኦገስት 3 ነው፣ የኬንታኪ ምርጫ ደግሞ ሰኞ ኦገስት 6 ይጀምራል። በሦስት ቀን ልዩነት!

ከሁሉ በላይ ያቆመኝ ሦስተኛው ጎዳና ላይ ያለው አሮጌው የኤጲስቆጶሳውያን (የአንድ ፕሮቴስታንት ቤተ ክርስቲያን) መቃብር ነው። በድንጋይ አጥር የተከበበ ትንሽ ግቢ ነው። ብዙው ጽሑፍ በዝናብ ተበልቷል፤ ጎንበስ ብዬ በጣቴ እየተከተልኩ ነው ያነበብኩት። የ1833 ሟቾች እዚህ ብዙ ናቸው። በዚያ ዓመት 6 ሺህ ገደማ ነዋሪ ከነበራት ከተማ 500 ያህሉ በኮሌራ አልቀዋል። አቅም ያለው ሸሸ። ለንደን ፌሪል ግን አልሄደም። በባርነት ተወልዶ ነፃ የወጣ ጥቁር ሰባኪ ነው፤ በሽተኛ እያስታመመ፣ ሬሳ እየቀበረ እዚያው ቆየ። ሚስቱንም ያው ኮሌራ ወሰደበት። ዛሬ እሱም ያረፈው በዚህ የነጮች መቃብር ውስጥ ነው።

በ1849ም ፌሪል በሕይወት ነበረ፤ እዚያችው ከተማ፣ የአንድ ትልቅ ቤተ ክርስቲያን ፓስተር ሆኖ። ተወዳዳሪዎቹ ያን ሁሉ መንገድ ሲዞሩ የእሱን ድምፅ የሚጠይቅ የለም፤ ጥቁር ስለሆነ መምረጥ አይችልማ! በወረርሽኝ ጊዜ ከተማዋ የተማመነችበት ሰው፣ የወገኖቹ ዕጣ በሚቆረጥበት ምርጫ ላይ አንዲት ቃል የለውም። ይሄ በጣም ነው ያናደደኝ፤ እስከ ሲንሲናቲ ድረስ ስለ ሌላ ነገር ማውራት አቃተኝ።

ምርጫውን የባርነት ደጋፊዎች በሰፊው አሸነፉ። ሕገ መንግሥቱን የሚያረቀው ጉባኤ ኦክቶበር ላይ በኬንታኪ ዋና ከተማ ፍራንክፈርት ተሰበሰበ። በ1850 የጸደቀው ሕገ መንግሥት ባርነትን ይበልጥ አጠበቀው፤ ከዚያ በኋላ ነፃ የሚወጣ ሰውም ከኬንታኪ እንዲወጣ ደነገገ።