ያለ ቀልድ ሳቅ

ዛሬ ጠዋት ሐዋሳ ሐይቅ ዳር ስፖርት ከሚሠሩት ጋር ተቀላቀልኩ። መጨረሻ ላይ አሠልጣኙ "አሁን እንስቃለን" አለ። በምን? በምንም! እያጨበጨብን "ሆ ሆ፣ ሃ ሃ ሃ"፣ ዓይን ለዓይን እየተያየን።

አጠገቤ የቆሙ እናት ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። "ኧረ በስማም፣ ሰው ምን ይለናል?" ትንሽ ቆይቶ ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። ከዚያ ነጠላው ወደቀ። ማንም አላነሳላቸውም፤ ሁላችንም ሆዳችንን ይዘን ነበር። ቆሎ ሻጩ ልጅ ሳይቀር (እሱ እንኳ በእኛ ነው የሳቀው)።

የሳቅ ዮጋ ይሉታል። በፈረንጆቹ 1995 ማዳን ካታሪያ የተባለ ሐኪም ሙምባይ ውስጥ፣ መናፈሻ ላይ ከጥቂት ሰዎች ጋር ጀመረው። መጀመሪያ ቀልድ ይነገር ነበር። ጥሩ ጥሩው ቀልድ ሲያልቅ የውሸት ሳቅ ገባ። የውሸቱ ደግሞ ሲጋባ እውነት ይሆናል። በየመሃሉ በረጅሙ መተንፈስ አለ፤ ጭንቀት ላይ ላለ ሰው እሱ ራሱ ያሳርፋል። ሕክምና የሚያስፈልገው ሰው ግን ሐኪሙን መተው የለበትም።

እኛ የማናውቀው ሰው ሞቶ ልቅሶ ስንደርስ፣ በወጉ ጀምረን የእውነት እናለቅስ የለ? ለሳቅ ሲሆን ምነው ምክንያት አምጡ ተባልን?

አዳማ ያላችሁ፣ እናንተ ጋስ እንዲህ የሚያስቅ አለ?