ትልቅ ኮከብ ጎረቤት ሲሆን

በጥር አጋማሽ፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት ገደማ፣ ከባሕር ዳር ወደ ደቡብ ቀና ብትሉ ኦሪዮን የተባለውን የከዋክብት ስብስብ አናት ሊደርስ ጥቂት ቀርቶት ታገኙታላችሁ። ከሦስቱ የመቀነት ከዋክብት ዝቅ ብላ ጭጋግ መስላ የምትታየው የኦሪዮን ኔቡላ፣ ከዋክብት የሚወለዱባት የጋዝና የአቧራ ደመና ናት፤ 1,350 የብርሃን ዓመት ገደማ ትርቃለች።

ጣና ዳር መቆም ብቻውን አይጠቅምም። ባሕር ዳር የሐይቁ ደቡብ ዳርቻ ላይ ስለሆነች ውሃው ከጀርባ፣ የከተማው መብራት ከፊት ይሆናል። ደግነቱ ኔቡላዋ 73 ዲግሪ ያህል ከፍ ትላለች። ጎርጎራ ላይ ግን ጨለማው ውሃ በደቡብ በኩል ነው፤ ለዚህ ሥራ እሷን እመርጣለሁ። 10×50 ባይኖክዮላር ጭጋጓን ያሳያል፤ መሐሏ ያሉትን አራት ከዋክብት ለመለየት 80 ሚሊሜትር ቴሌስኮፕ በ50 እጥፍ ማጉላት ይበቃል። ሌንሱ ጤዛ ከያዘ በጨርቅ አትጥረጉት፣ አቧራው ይጭረዋል።

ከአራቱ ደማቁ፣ ቴታ አንድ ኦሪዮኒስ ሲ፣ ክብደቱ ከፀሐይ 30 እጥፍ ይበልጣል፤ የገጹ ሙቀት 39,000 ዲግሪ አካባቢ ነው። ብዙ ሰው እንዲህ ያለው ኮከብ ጎረቤቱን የሚጎዳው ሲፈነዳ ይመስለዋል። ከዚያ በፊት ነው እንጂ፤ ገና ሳይፈነዳ በሚረጨው አልትራቫዮሌት ጨረር።

በዙሪያው ያሉት ወጣት ከዋክብት ነገ ፕላኔት ሊሆን የሚችል ጋዝና አቧራ በዲስክ መልክ ይዘዋል። ጨረሩ የዲስኩን ገጽ ወደ 1,000 ዲግሪ ያግለዋል፤ የጋለው ጋዝ በሰከንድ ጥቂት ኪሎ ሜትር ይሮጣል። ማምለጡን የሚወስነው ያለበት ቦታ ነው። ፀሐይን በሚያህል ኮከብ ዙሪያ፣ መሬት ባለችበት ርቀት ለማምለጥ በሰከንድ 42 ኪሎ ሜትር ያስፈልጋል፤ መቶ እጥፍ ራቅ ብሎ ግን 4.2 ይበቃል። ዲስኩ ከዳር ወደ መሐል የሚበላው ለዚህ ነው። ያመለጠው ጋዝ ወጣ ሲል ኃይለኛው ጨረር ሃይድሮጂኑን ይሰብረዋል፤ ጋዙ 10,000 ዲግሪ ደርሶ ያበራል። ሃብል የጠፈር ቴሌስኮፕ በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ያሳየን፣ ራሳቸውን ወደ ትልቁ ኮከብ አዙረው ጅራታቸውን ወደ ኋላ የጣሉት የእንባ ጠብታ ቅርጾች እነዚህ ናቸው።

ደቃቁ አቧራ ከጋዙ ጋር ይነዳል፤ ቀድሞ ተጣብቆ ጠጠር የሆነው ይቀራል። እንግዲህ በመጀመሪያ ሳይፈጠር የሚቀረው ጁፒተርን የመሰለ የጋዝ ግዙፍ ነው፤ ዓለታማ ፕላኔት ገና ተስፋ አለው። የጄምስ ዌብ ቴሌስኮፕ በዚያው ኔቡላ ዲ203-506 የተባለውን ዲስክ መርምሮ፣ ጋዙ ከአንድ ሚሊዮን ዓመት ባነሰ ጊዜ ሊያልቅ እንደሚችል አሳይቷል።

አንድ የሚያከራክር ነገር አለ። ለትልቁ ኮከብ ቅርብ የሆኑት ዲስኮች በዓመት ከፀሐይ ክብደት አንድ አሥር ሚሊዮንኛ ያህል ያጣሉ። የፀሐይን መቶኛ የሚመዝን ዲስክ በዚህ ሒሳብ በ100,000 ዓመት ያልቃል፤ ከዋክብቱ ግን አብዛኞቹ ወደ አንድ ሚሊዮን ዓመት የተጠጉ ናቸው፤ ዲስኮቹም አሁንም አሉ። ከዋክብቱ ስለሚንቀሳቀሱ ሁልጊዜ ቅርብ አልነበሩም የሚል መልስ አለ። የተወለዱበት ደመና ለረጅም ጊዜ ከልሏቸው ነበር፣ አንዳንዶቹም ዘግይተው ተወለዱ የሚለው ግን ለእኔ የበለጠ ያሳምናል።