ጨውና ስኳር

ቦስተን አካባቢ ባለች ትንሽ ትምህርት ቤት ረዳት አስተማሪ ነበርኩ። ልጆቹ የሚማሩትን ራሳቸው ይመርጣሉ። ደወል የለም፣ ፈተና የለም። አስተማሪም በስሙ ብቻ ነው የሚጠራው። ሰባ ዓመት ያለፋቸውን ባልደረባዬን ግን በስማቸው ለመጥራት አፌ እምቢ አለኝ። «እማማ» እላቸዋለሁ። ትርጉሙን ስነግራቸው ወደዱት።

አንድ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበር፤ አያነብም። ደንቡ «ራሱ እስኪጠይቅ ጠብቁት» ይላል። ፊደል በአርጩሜ ለቆጠርኩት ለእኔ ይሄ አንጀት የሚያርስ ነገር ነበር። ጠበቅሁት።

አንድ አርብ ኬክ ጋገርን። ስኳር የሚጨምረው እሱ ነው። መደርደሪያው ላይ ሁለት አንድ ዓይነት ጠርሙስ አለ፤ ስማቸው በወረቀት ተለጥፏል። ልጁ አንዱን አየ፣ ሌላውን አየ፣ ከዚያ እኔን አየኝ። ዝም አልኩ። አንዱን አንስቶ ገለበጠው። ጨው! የቀመሰ ሁሉ ተፋ። ሳቁ ጣራ ነካ። እሱም ሳቀ፤ ጆሮው ግን ቲማቲም መስሎ ነበር።

ዕቃ ስናጥብ ለእማማ ነገርኳቸው። እሳቸው በ1970ዎቹ መጀመሪያ (በፈረንጆቹ) እንዲህ ባለ ትምህርት ቤት ነው ማስተማር የጀመሩት። ያኔ ከአፋቸው የማይጠፉ ሁለት አስተማሪዎች ነበሩ። ልጅ ሲፈልግ ራሱ ይማራል የሚለው ጆን ሆልት፣ ትምህርት ቤት አይለወጥም ብሎ ተስፋ ቆረጠ፤ በ1977 ልጆቻቸውን ቤት ለሚያስተምሩ ወላጆች መጽሔት ጀመረ፤ በ1985 እስኪሞት በዚያው ጸና። ጆናታን ኮዞል ደግሞ በ1965 ለጥቁር ተማሪዎቹ የጥቁር አሜሪካዊውን ገጣሚ የላንግስተን ሂዩዝን ግጥም አንብቦ ከቦስተን ትምህርት ቤት ተባረረ። እሱም እንደኛው ያለ፣ «ነፃ» የሚባል ትምህርት ቤት ገባ። በ1972 ግን የገዛ ጓዶቹን ወረደባቸው፤ የደሃ ልጅ ማንበብ ካላስተማራችሁት ነፃነቱ ምን ይሠራለታል ብሎ።

«እኔ የሆልት ወገን ነበርኩ» አሉ እማማ ድስቱን እየፈተጉ። «ወደ ሃምሳ ስጠጋ የድሮ ተማሪዬ ፎርም ሙይልኝ ብሎ መጣ። ሠላሳ ዓመቱ ነው።»

«ታዲያ ለምን እዚህ ቀሩ?»

«ሌላውንም አይቼዋለሁ።» ድስቱን ሰጡኝ።

ሰኞ አዲስ ወረቀትና ማርከር ይዤ ገባሁ። ልጁን ጠርቼ «ና፣ ለጠርሙሶቹ ስም እንጻፍላቸው» አልኩት። በእንግሊዝኛ ጨውም ስኳርም የሚጀምሩት በ«ኤስ» ነው። ለካስ ኤስን ያውቃታል! በሁለቱም ወረቀት ላይ አሳምሮ ጻፋትና ማርከሩን አንጠልጥሎ ቀረ።

«ከዚህ በኋላስ?» አለኝ።