የዊሊሷን ጎማ የቀየርኩት አንዴ ሳይሆን ሦስቴ ነው

የጎማ መፍቻው ላይ ረጅም ቱቦ ሰክቼ፣ ቱቦው ላይ ቆሜ እዘላለሁ። የሰፈሩ ልጆች ከበው ያዩኛል። ዳዶው ፍንክች አይልም። ዘይት ጠብ አደረግኩበት፣ ትንሽ ጠበቅኩ፣ እንደገና ዘለልኩ። በመጨረሻ «ቋ!» ሲል ደስ ብሎኝ «ተፈታ!» አልኩ። ለካ የተፈታ ነገር የለም። ብሎኑ ነው ከአንገቱ የተቆረጠው።

አባቴ ትቷት ባለፈው ጂፕ ላይ የሠራሁት የመጀመሪያ ሥራ እንግዲህ ይሄ ነው። ደሴ፣ ሆጤ፣ ግቢያችን ውስጥ።

ጂፗ ዊሊስ ናት፣ ኤምቢ የሚባለው የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሞዴል። ዊሊስ ኦቨርላንድ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ቶሌዶ ከተማ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ1941 እስከ 1945 ሲሠራት ነበር፤ ፎርድም ያንኑ መኪና ጂፒደብሊው በሚል ስም ሠርቷል። ሁለቱ ሲደመሩ ከ600 ሺህ በላይ ናቸው። ከዚያ ሁሉ አንዷ እንዴት ዞራ ወሎ እንደደረሰች አላውቅም፤ አባቴ ከሐራጅ ገዛት፣ እናቴ ደግሞ እስከ ዛሬ «ያቺ ብረት» ነው የምትላት። ሞተሯ ይነሳል። ጎማዎቿ ግን ተሰነጣጥቀው እንደ ደረቀ የክረምት ጭቃ ሆነው ነበር። «ጎማ መቀየር ምን አላት፣ በአንድ ቅዳሜ እጨርሳለሁ» ብዬ ገባሁበት። አንድ ወር ፈጀ።

ወደ ተሰበረው ብሎን ልመለስ። የዚህች መኪና የግራ ጎን ዳዶዎች የሚፈቱት በተቃራኒው ነው። የቀኙ ጎን እንደማንኛውም መኪና ነው። በግራ በኩል ግን ጥርሱ የግራ ጥርስ ስለሆነ ለመፍታት ስትል የምታዞረው ሰዓት ወደሚዞርበት ነው። ያኔ የነበረው ሐሳብ ጎማው ወደ ፊት ሲሽከረከር ዳዶው ራሱን እንዳይፈታ ነው። ስለዚህ እኔ ያን ሁሉ ስዘል አጠብቅ ነበር ማለት ነው። ብሎኑ ጫፍ ላይ «ኤል» የምትል ፊደል ተቀርጻለች፤ በእንግሊዝኛ «ሌፍት»፣ ግራ ለማለት። ዝገቱን በሽቦ ብሩሽ ስፍቀው ቁልጭ ብላ ታየችኝ፤ ከሰበርኩ በኋላ።

ኮምቦልቻ አንድ ቶርኖ ቤት የግራ ጥርስ ያለው ብሎን ቀረጸልኝ። ልጁ ስነግረው መጀመሪያ የማሾፍ መስሎት ነበር።

እግረ መንገዴን ጎማ ፈለግኩ። የዊሊስ ልክ 6.00-16 ነው፤ ስድስቱ የጎማው ወርድ በኢንች፣ አሥራ ስድስቱ የቸርኬው ዲያሜትር። ደሴ የጠየቅኳቸው ሁሉ «የለም» ሲሉኝ ስለነበር ኮምቦልቻ አንድ ሱቅ ላይ 6.00-16 የሚል ጽሑፍ ሳይ ዋጋም ሳልከራከር ሁለት ገዛሁ። አዲስ ናቸው፣ ጥቁር፣ ሽታቸው ራሱ ደስ ይላል። ይዣቸው እዚያው ኮምቦልቻ ጎሚስታው ዘንድ ሄድኩ። ሽማግሌ ናቸው፣ ሰው ሁሉ «ሐጂ» ነው የሚላቸው። ጎማውን በእግራቸው ገፋ አድርገው አዩት።

«ልጄ፣ ይሄን ለምንህ ነው?»

«ለጂፕ፣ ሐጂ።»

«ይሄማ የትራክተር የፊት ጎማ ነው። ማሳ ላይ ለመሄድ። በዚህ ሐረጎን ልትወርድ ነው?»

እውነታቸውን ነው። ሐረጎ በደሴና በኮምቦልቻ መሃል ያለው ጠመዝማዛ ቁልቁለት ነው። ዙሪያውን ሦስት ረጃጅም መስመር ብቻ ያለው ጎማ የትራክተር የፊት ጎማ ነው፤ ጎኑ ላይ «ኤፍ-2» ይላል። ልኩ አንድ ነው፣ ሥራው ሌላ ነው። ለአስፋልት ፍጥነት አልተሠራም፣ ፍሬን ሲያዝም እንደ መኪና ጎማ አይቆነጥጥም። ሱቁ መልሶ አልወሰደልኝም። ትክክለኞቹን አራት ጎማዎች በስተመጨረሻ አዲስ አበባ፣ መርካቶ ጎማ ተራ አንድ ዘመዴ አገኘልኝና በአውቶቡስ ጣሪያ ላይ ተጭነው ደሴ ገቡ።

አሁን ዋናው ነገር። የዊሊስ ቸርኬ ሁለት ዓይነት ነው። የመጀመሪያዎቹ መኪኖች ላይ ያለው ተራ፣ አንድ ወጥ ቸርኬ ነው። በኋላ የመጣው የጦር ሜዳ ቸርኬ ግን ሁለት ግማሽ ነው፤ ሁለቱ በስምንት ዳዶ ታስረው ጎማውን እንደ ሳንድዊች መሃል ያደርጉታል። የኔዋ አራት እግሮች (ጎማና ቸርኬ አንድ ላይ) ይሄኛው ናቸው፣ ስኮርታው (ትርፍ ጎማው) ደግሞ ተራው። ከጦር ሜዳው ቸርኬ ያለ ጎማ ማውጫ ብረት፣ በመፍቻ ብቻ ጎማ ይወጣል፤ ወታደር በረሃ ላይ እንዲሠራው ታስቦ ነው። ደስ ይላል አይደል? ግን ቸርኬው ላይ ሁለት ዙር ዳዶ አለ። መሃል ያሉት አምስቱ እግሩን ከመኪናው ጋር ያስራሉ። ዳር ያሉት ስምንቱ ሁለቱን ግማሽ ያስራሉ። ጎማው አየር ይዞ ሳለ ስምንቱን የፈታ ሰው ሁለት ብረት በሙሉ ኃይል ፊቱ ላይ ይፈነዳበታል። ቀልድ የለበትም፣ ሰው ይገድላል።

እኔ ሐጂ ዘንድ እግሩን አውርጄ መፍቻዬን በቀጥታ ከስምንቱ አንዱ ላይ ሰክቼ ነበር። አየሩን ደሴ ሳለሁ አስተንፍሼዋለሁ ብዬ ነው።

«ተው!» አሉ። እንደዚያ ሲጮኹ ያየኋቸው ያኔ ብቻ ነው። ቁጭ አሉና ቫልቩ ውስጥ ያለችውን ትንሿን መርፌ በመፍቻዋ አዙረው አወጧት። ምንም አየር አልወጣም። «ይኸው ባዶ ነው» አልኳቸው። እሳቸው ዝም ብለው ከመደርደሪያ ቀጭን ሽቦ አነሱና በቫልቩ ቀዳዳ ወደ ውስጥ ሰደዱት፣ ትንሽ ነቀነቁት። «ፍስስስ...» አለ። ቫልቩ በዝገትና በአቧራ ተደፍኖ አየሩ ውስጡ ቀርቶ ነበር። ምን ያህል እንደነበር እንጃ፤ ፍስታው ግን ሻይ ቀድቶ እስከ መጠጣት ቆየ። ከዚያ በኋላ እኔም ሽቦ ሳልከትት አንዱንም አልነካሁም።

ቸርኬው ሲከፈት ውስጡ ጉድ ነው። ከመነዳሪው፣ ማለት የውስጥ ጎማው፣ ሰባት ቦታ ተለጥፏል። ፍላፕ (ከመነዳሪውን ከቸርኬው የሚለየው የላስቲክ ቀበቶ) መሆን በሚገባው ቦታ ላይ አንድ ሰው ከአሮጌ ጎማ የተቆረጠ ቁራጭ አስገብቷል። አንደኛው እግር ውስጥ ደግሞ ክብ የብረት ቀበቶ ወጣ። ጎማው በጥይት ተመትቶ ቢተነፍስ እንኳ ከቸርኬው ሳይወልቅ እንዲሄድ የተሠራ ነው። ሐጂ «ማን ሊተኩስብህ ነው?» ብለው አስቀመጡት፤ በሱ ፋንታ አዲስ ፍላፕ ገባ። ሁለቱ ግማሽ የሚገናኙበት መስመር ከመነዳሪውን እንዳይቆርጠው ፍላፕ ግድ ነው።

ቸርኬውን ማጽዳት ሁለት ቀን ወሰደ። የሽቦ ብሩሽ፣ ከዚያ ብርጭቆ ወረቀት፣ ከዚያ ፀረ ዝገት ቀለም። በዚህ ላይ ብዙ አልጽፍም፤ አሰልቺ ነው፣ ግን ዝገት እንደ አሸዋ ነው፣ ከመነዳሪውን ቀስ እያለ ይበላዋል። የተሳሳትኩት ቀለሙ ላይ ነው። የደሴ ጉም ቀለም እንደማያደርቅ እያወቅኩ፣ በእጄ ነካ አድርጌ «ደርቋል» ብዬ ገጠምኩት። ከመነዳሪው ላይ የሕፃናት ዱቄት (ፓውደር) አልነሰነስኩም። አየሩንም በአንድ ትንፋሽ 30 ፒኤስአይ (የአየር ግፊት መለኪያ ነው) አስገባሁ። ቆመችልኝ! ፎቶ ሁሉ አነሳሁ።

በማግስቱ ኮምቦልቻ ወርጄ ስመለስ ሐረጎ ላይ፣ ጠመዝማዛው ላይ፣ መሪው ወደ ቀኝ ይጎትተኝ ጀመር። የፊት ቀኝ ጎማ መሬት ነክቷል። ከኋላዬ የጭነት መኪናዎች ተደረደሩ። አንድ ረዳት ወርዶ ክሪክ ከሥር እያስገባ «አብሽር ወንድሜ» አለኝና ደግሞ ጂፗን ዞሮ አይቶ «ይሄ መኪና ከጣልያን ጋር ነው የመጣው?» ብሎ ጠየቀኝ። ስኮርታ ጎማ ያኔ አልነበረኝም። ከመነዳሪውን እዚያው መንገድ ዳር አውጥቼ፣ በማስቲሽ ለጥፌ፣ በእጅ ፓምፕ ነፍቼ ቀስ ብዬ ደሴ ገባሁ።

የወጣው ከመነዳሪ ላይ አንድ እጥፋት ነበር፣ እጥፋቱ ላይ ደግሞ በምላጭ የተሰነጠቀ የሚመስል ቀጭን መስመር። ነገሩ እንዲህ ነው። ከመነዳሪው መጀመሪያ ሲነፋ የነካው ቦታ ይጣበቃል፤ በተለይ ዱቄት ከሌለና ቀለሙ እርጥብ ከሆነ። የታጠፈው እንደታጠፈ ይቀራል። ስለዚህ ሐጂ እንደሚያደርጉት ነው መደረግ ያለበት። ከመነዳሪውን ክብ ቅርጽ እስኪይዝ ብቻ ትንሽ ነፍቶ፣ የሕፃናት ዱቄት ነስንሶበት ማስገባት። ከገጠሙ በኋላ መንፋት፣ ከዚያ መርፌዋን አውጥቶ ሙሉ በሙሉ ማስተንፈስ፣ ከዚያ እንደገና መንፋት። ሁለተኛው ጊዜ ላይ እጥፋቱ ራሱን ያስተካክላል። ሲነፋም ጎማው ከነቸርኬው በሰንሰለት ይታሰራል፣ ሰውም ፊት ለፊቱ አይቆምም። አራቱንም እንደገና ፈታሁ። ሁለተኛው ዙር ይሄ ነበር።

ሐጂ ሌላም አሳዩኝ። ጎማው ውስጥ እጅ ከማስገባት በፊት በቀጭን ጨርቅ ዙሪያውን ይጠርጋሉ። ጨርቁ ከያዘ እሾህ ወይ ሽቦ አለ ማለት ነው። አዲሱ ጎማ ውስጥ እንኳ አንድ የስቴፕል ሽቦ ተገኘ። ደግሞም የቫልቩ ግንድ ቀጥ ብሎ መቆሙን አይተው ነው የሚጨርሱት፤ ከሳምንት በኋላ ካዘመመ ጎማው ቸርኬው ላይ እየተንሸራተተ ነው፣ አየር አንሶታል።

ሦስተኛው ዙር ስኮርታው ነው። ተራ ቸርኬ ስለሆነ በጎማ ማውጫ ብረት ነው የሚገባው። በፈሳሽ ሳሙና አለሰለስኩት። (ግራሶና ቤንዚን አታስጠጉት፣ ላስቲክ ይበላሉ።) የመጨረሻዋ አንድ ስንዝር ስትቀር ቸኮልኩና ብረቱን ወደ ውስጥ አብዝቼ አስገባሁት። ከመነዳሪው ብረትና ቸርኬ መሃል ተቆነጠጠ። ጎን ለጎን ሁለት ቀዳዳ። አዲስ ከመነዳሪ፣ አንድ ቀን ያልሞላው። ሐጂ ስነግራቸው ሳቁና «ከቫልቩ ማዶ ጀምረህ ቫልቩ ጋ ጨርስ፣ ማዶውን ደግሞ በጉልበትህ ወደ ቸርኬው ጎድጓዳ ክፍል ተጫነው፣ ያኔ ይላላልሃል» አሉኝ። በእጅ ብቻ ገባ ማለት ይቻላል።

አንድ ጓደኛዬ «ኮምቦልቻ የተነፋ ጎማ ደሴ ሲወጣ ይፈነዳል» ይላል። አይፈነዳም። በሁለቱ ከተሞች መሃል ያለው ከፍታ ወደ 600 ሜትር ነው፤ በዚህ ብቻ ጌጁ ላይ የሚጨምረው አንድ ፒኤስአይ እንኳ አይሞላም፣ የደሴ ብርድ ደግሞ ያንኑ መልሶ ይቀንሰዋል። ጠዋት፣ ጎማው ሳይሞቅ መለካት ነው።

ከትናንት ወዲያ ለካሁ፣ አራቱም 30 ላይ ናቸው። የኋላዋ ላይ የተሰቀለው ስኮርታ ግን አሁንም ያ የትራክተር ጎማ ነው፣ ያወጣሁበት ብር አልወጣልኝም። ሁለተኛውን የሚፈልግ ትራክተር ያለው ሰው ካለ ግቢያችን በር ላይ ዶሮዎቹ ተኝተውበት ያገኘዋል።