እኩል ሰዓት፣ እኩል ያልሆነ ውሃ፦ ከሆለታ እስከ አቃቂ

ከአስኮ ወደ ሆለታ የጫነን ሚኒባስ ረዳት ነዳጅ ጠፋ በሚል ሰበብ ከታሪፉ ላይ 40 ብር ጨምሮ ተቀበለን። ማንም አልተከራከረም፤ ሁሉም እያጉረመረመ ከፈለ። ቡራዩንና መናገሻን እንዴት እንዳለፍናቸው የሚጻፍ ነገር የለውም። ሆለታ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ በጥር ሌሊቷ አጥንት ይሰብራል። ያደርኩበት ፔንሲዮን አንድ ስስ ብርድ ልብስ ብቻ ነበረው። ሁለተኛ ስጠይቅ ተቀባይዋ «እንግዳ በዝቶ አለቀ» አለችኝ፤ ከእኔ በቀር እንግዳ ግን አላየሁም። ስለዚህ የውሃ አባቱ፣ ማለትም የመስኖ ተራውን የሚያከፋፍሉት ሽማግሌ፣ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ሲደውሉልኝ ነቅቼ ነበር።

በዚያ ሰዓት ሜዳ የወጣሁት ገበሬዎች በአንድ የመስኖ ቦይ ላይ የሚያደርጉትን የውሃ ተራ ቅብብል ለማየት ነው። ከከተማዋ ወጣ ብሎ ያለው ይህ ቦይ 2.4 ኪሎ ሜትር ያህል ይረዝማል። ገበሬዎቹ ከወንዙ ውሃ የሚጠልፉት ድንጋይ፣ ቅርንጫፍና አፈር የተሞላ ኬሻ ደርድረው ሲሆን ውሃውን የሚያከፋፍሉት በሰዓት ነው፤ ለአንድ ጥማድ፣ ማለትም ለሩብ ሄክታር፣ አንድ ሰዓት። ሌሊትም ተራ አለ፤ የሌሊት ተራ የደረሰው ሰው አካፋውን ትከሻው ላይ፣ ባትሪውን ጥርሱ ውስጥ አድርጎ ይወርዳል። የከተማ ጫማ አድርጌ ያዩኝ አንዲት እናት ምንም ሳልጠይቃቸው የልጃቸውን ቦቲ አውጥተው ሰጡኝ። ያለዚያ ቦቲ ከመጀመሪያው ትልም አላልፍም ነበር።

ይህ በሰዓት ማካፈል ሲያዩት ፍትሐዊ ነው። ነገር ግን ሲነጋ ቦዩን ከራስ እስከ ጭራ ለካነው። ለዚህ መሣሪያ አያስፈልግም። ቦዩ ቀጥ ያለበት ቦታ ላይ 10 ሜትር መለካት፣ ሁለት እንጨት መትከል፣ ከዚያ ሎሚ መልቀቅ ነው። ሎሚ አብዛኛው አካሉ ውሃ ውስጥ ስለሚጠልቅ ንፋስ አይገፋውም፤ ቅጠል ወይም ገለባ ግን ያሳስታል። ሦስት ጊዜ ለቅቆ አማካዩን መውሰድ ይሻላል። ላይኛው ቦዩ ወርዱ 50 ሳንቲሜትር፣ ጥልቀቱ 20 ነው፤ ሎሚው 10 ሜትሩን በ32 ሰከንድ ጨረሰ። የላይኛው ውሃ ከታችኛው ስለሚፈጥን ፍጥነቱ በ0.8 ይባዛል፤ ሲሰላ በሰከንድ 25 ሊትር ይሆናል። ጭራው ላይ ወርዱ 45፣ ጥልቀቱ 15 ሲሆን ሎሚው 39 ሰከንድ ፈጀ፤ ወደ 14 ሊትር ማለት ነው። መሃል ላይ ሙሉ ውሃ የሚወስድ ተራኛ አልነበረም። ወደ 11 ሊትሩ የጠፋው መንገድ ላይ ነው፤ የአይጥ ጉድጓድ፣ ከብት የረገጠው ጠርዝ፣ በአፈር ብቻ የተዘጉ የውሃ በሮች፣ ደግሞም ከቦዩ ዳር የተተከለ ባሕር ዛፍ።

እንግዲህ የላይኛው ገበሬ በአንድ ሰዓት 90 ሜትር ኩብ ያገኛል፤ በማሳው ላይ ሲዘረጋ 36 ሚሊ ሜትር ነው። ጭራው ላይ ያለው 50 ሜትር ኩብ፣ 20 ሚሊ ሜትር ያገኛል። ድንች ኮረት በሚያሳድግበት ወቅት ይህ ልዩነት ገበያ ላይ ይታያል፤ የታችኛው ሰው ድንች ትንንሽ ነው። መሬቱ ኮትቻ፣ ማለትም ሲደርቅ የሚሰነጠቅ ጥቁር ሸክላ አፈር፣ ከሆነ ደግሞ የተሰነጠቀው አፈር የመጀመሪያውን ውሃ ስለሚውጠው ትልሙ ጫፍ ሳይደርስ ተራው ያልቃል።

ይህን ለማወቅ ሆለታ መሄድ አያስፈልገኝም ነበር። እኔ የምኖርበት ኮንዶሚኒየም ውሃ በፈረቃ ሲመጣ ምድር ቤት ያሉት ልብስ ያጥባሉ፣ አራተኛ ፎቅ ያለነው ቧንቧው ሲያፏጭ እንሰማለን። ልዩነቱ፣ የቦዩ ሰዎች ችግሩን በስብሰባ ያነሡታል፤ እኛ ደረጃ ላይ ስንገናኝ ፊት እንነሣሣለን።

የውሃ አባቱ ቁጥሩን ሲሰሙ አልተገረሙም። «ልጄ፣ እኔ ሰዓት አልሰርቅም፤ ቦዩ ነው የሚሰርቀው» አሉኝ። መፍትሔውንም ያውቁታል። አንደኛው የጭራውን ሰዓት መጨመር ነው፤ በዚህ ልኬት እኩል ለማድረስ ለአንድ ጥማድ 1 ሰዓት ከ48 ደቂቃ ያስፈልጋል። ይህ ቀላል ቢመስልም የተራውን ዙር ያረዝመዋል፤ በ7 ቀን የሚመለሰው ውሃ በ9 ቀን ይመለስና የላይኞቹ ሰላጣ ይጠወልጋል። ሁለተኛው ሰዓቱን የውሃ በሩ ከተከፈተበት ሳይሆን ውሃው ማሳው ጫፍ ከደረሰበት መቁጠር ነው። ውሃው ከራስ እስከ ጭራ ለመድረስ 2 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ያህል ይፈጃል፤ ቦዩ ደርቆ ከሆነ ይብሳል። ሦስተኛው፣ እኔ የወደድኩት፣ ተራውን ከጭራ ጀምሮ ወደ ላይ መውጣት ነው። በሩ ወደ ላይ በተዛወረ ቁጥር ከበታቹ ቦይ ውስጥ የቀረው ውሃ ለታችኞቹ ይወርዳል። በጠቅላላው ቦይ ሲታሰብ ከ200 ሜትር ኩብ አያንስም፤ ከሁለት ጥማድ ተራ በላይ ነው።

ይህን ለማስወሰን የጭራዎቹ ጉልበት ምን ያህል ነው? ጥያቄው ወደ ዓመታዊው የቦይ ጽዳት ይወስዳል። መስከረም መጨረሻ ላይ ጎርፍ ጠለፋውን ጠራርጎ ወስዶ፣ ቦዩ በደለል ተሞልቶ ነው የሚገኘው። እዚህ እያንዳንዱ ባለመሬት የሚያጸዳው ርዝመት በጥማዱ ልክ ይደርሰዋል። ድርሻው በየማሳው ፊት ለፊት ከሆነ የላይኛው ሰው የራሱን ገረፍ ገረፍ አድርጎ ይተወዋል፤ ቦዩ ቢቆሽሽም ውሃ እርሱ ጋ ይደርሳልና። ስለዚህ በዕጣ ያካፍሉታል፤ ጽዳቱን ኮሚቴ በእንጨት ልክ ሳያረጋግጥ ውሃ አይለቀቅም። ይህ በደንብ ይሠራል። የጭራዎቹ ትልቁ ጉልበት ግን ጠለፋው ላይ ነው። በየዓመቱ ሲፈርስ እነርሱ ካልመጡ አይገነባም፤ «ተራችንን ካላከበራችሁ ድንጋይ አንሸከምም» ማለት ይችላሉ።

አሁን ወንዙ ላይ የኮንክሪት ግድብ ይሠራ የሚል ሐሳብ አለ። የላይኞቹ በጣም ፈልገውታል። እኔ ጭራ ላይ መሬት ቢኖረኝ ከመፈረሜ በፊት የተራ ደንቡ እንዲጻፍ እጠይቅ ነበር። ግድቡ የማይፈርስ ከሆነ የታችኞቹ ጉልበት አያስፈልግም፣ ጉልበታቸው ካላስፈለገ የሚሰማቸው የለም። በ2009 እ.ኤ.አ. የኢኮኖሚክስ ኖቤል ሽልማት የተቀበለችው ኤሊኖር ኦስትሮም ስለ ኔፓል የገበሬ ቦዮች የጻፈችው ይህንኑ ነው። ለጽሑፍ ደንቡ ሕጉ አለ፤ የመስኖ ውሃ ተጠቃሚዎች ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 841/2006። ማኅበሩ ለትርፍ አይነግድም፣ ሥራው ውሃውን ማከፋፈልና ቦዩን መጠገን ነው። የዚህ ቦይ ሰዎች ገና አልተመዘገቡም።

ግድብ ከመጣ አብሮ መምጣት ያለበት የውሃውን መጠን ለመለካት በዘጠና ዲግሪ የV ቅርጽ የተቆረጠ ላሜራ ነው። ውሃው በቅርጹ ውስጥ 20 ሳንቲሜትር ከፍ ብሎ ካለፈ በሰከንድ 25 ሊትር ነው፤ 15 ከሆነ 12 ሊትር፣ 10 ከሆነ ከ4 ሊትር ትንሽ ይበልጣል። ከፍታው የሚለካው ላሜራው አፍ ላይ ሳይሆን 80 ሳንቲሜትር ያህል ወደ ኋላ ተርቆ ነው፤ አፉ ላይ ውሃው ዝቅ ስለሚል ያሳንሳል። ከኋላው ደለል ከሞላ ደግሞ ቁጥሩ ይዋሻል። ራስና ጭራ ላይ አንዳንድ ቢተከል ክርክሩ በግማሽ ይቀንሳል።

በማግስቱ አዲስ አበባን አቋርጬ አቃቂ ስደርስ ቀኑ መንገድ ላይ አልቆ ነበር። እዚያ ነገሩ ተገላቢጦሽ ነው። ከተማው ፍሳሹን ስለማያቋርጥ ወንዙ በበጋም አይደርቅም፤ የሚያጣላው ተራ ሳይሆን የሞተር ነዳጅ ነው። ከወንዙ አትክልት የሚያጠጡት ገበሬዎች ሦስትና አራት ሆነው ባለ 3 ኢንች የቤንዚን ፓምፕ ይጋራሉ። ሞተሩ በዚህ ከፍታ ከኃይሉ አንድ አምስተኛ ያህል ያጣል፤ ከፓምፑ ከ5 ሜትር በላይ ዝቅ ብሎ ያለ ውሃ ለመምጠጥም ይቸገራል። ስለዚህ ፓምፑን ገደሉ አፍ ላይ ሳይሆን ወደ ውሃው አውርዶ ማስቀመጥ ነው። የመምጠጫውን አፍ ፌስታል ስለሚደፍነው በሽቦ ወንፊት ቅርጫት ውስጥ ያስገቡታል።

ውሃው ግን የቤት ፍሳሽና የቆዳ ፋብሪካ ክሮሚየም ይዟል። ጠንቃቃዎቹ ውሃውን ጉድጓድ ውስጥ ያሳድራሉ፣ ቅጠሉን ሳይሆን ሥሩን ያጠጣሉ፣ ቆስጣና ሰላጣ ከመቆረጡ ጥቂት ቀናት በፊት ማጠጣት ያቆማሉ። ተሐዋስያኑ በፀሐይና በድርቀት ይቀንሳሉ፤ ክሮሚየሙ ግን አይቀንስም፣ ቢቀቀልም። የሚያናድደው ከዚህ ሁሉ ጥንቃቄ በኋላ ካሮቱና ቀይ ሥሩ ለመርካቶ መኪና እንዲያምር እዚያው ወንዝ ውስጥ መታጠቡ ነው። ከቧንቧ የተቀዳ አንድ በርሜል ውሃ ስንት ኬሻ ካሮት እንደሚያለቀልቅ ጠየቅኩ። «ለቧንቧ ውሃ ማን ይከፍላል?» አሉኝ። ነጋዴው ለታጠበው በኬሻ ጨምሮ ይከፍላል፣ በምን እንደታጠበ ግን አይጠይቅም።