ያላነበብኩት ዝርዝር

ከጥቂት ዓመታት በፊት ነው። የመሥሪያ ቤታችን ሰርቨር ላይ የተጫነው ኦፐሬቲንግ ሲስተም ኡቡንቱ 18.04 ነበር፤ አብሮት የመጣው ፓይተን የተባለው የፕሮግራም መጻፊያ ቋንቋ ደግሞ ቨርዥን 3.6። አንድ ፕሮግራመር ባልደረባዬ ለአዲሱ ሥራው 3.8 እንደሚያስፈልገው ነገረኝ። ቀላል መሰለኝ። 3.8ን ጫንኩና «ፓይተን3» የሚለው ትእዛዝ እሱን እንዲጠራ አደረግኩ።

ወዲያው ፕሮግራሞችን የሚጭነውና የሚያጠፋው አፕት ማስቸገር ጀመረ። አንድ ሞጁል (ፕሮግራሞች የሚጠሩት የኮድ ክፍል) አላገኘሁም ይላል። ሞጁሉ ግን ዲስኩ ላይ ቁጭ ብሏል። ነገሩ እንዲህ ነው። ሲ በተባለው ቋንቋ የተጻፉ የፓይተን ሞጁሎች ኮምፓይል የሚደረጉት (ወደ ኮምፒውተሩ ቋንቋ የሚተረጎሙት) አብዛኛውን ጊዜ ለተወሰነ ቨርዥን ነው። የፋይሉ ስም ላይ ሳይቀር 36 የሚል ቁጥር አለ። 3.8 እንዲህ ያለውን ፋይል ዞር ብሎም አያየው።

ይህ የገባኝ ግን በኋላ ነው። ያን ምሽት «ሁለቱ ቨርዥኖች ተጋጭተው ነው» ብዬ 3.6ን ላጠፋው ወሰንኩ። አፕት አብረው የሚጠፉትን ፓኬጆች (ተጠቃለው የሚጫኑ ፕሮግራሞች) ዘረዘረልኝ። ዝርዝሩ ረጅም ነበር። ሳላነበው «እሺ» ለማለት Yን ተጫንኩ። ኔትፕላን እዚያ ውስጥ ነበር። ሰርቨሩ ሲነሣ ኔትወርኩን የሚያስተካክለው እሱ ነው፤ ያለ ፓይተን ደግሞ አይቀመጥም። ግንኙነቱ ወዲያው ስላልተቋረጠ ምንም አልጠረጠርኩም። ሪስታርት አደረግኩት። ብጠብቅ ብጠብቅ አልመለስ አለ።

ጠዋት ደንበኞች ተሰልፈው «ሲስተም የለም» ይባሉ ነበር። ከሩቅ የመጡም ነበሩበት። ፊታቸውን ማየት ከበደኝ። ኪቦርድና ሞኒተር ተሸክሜ ሰርቨር ክፍል ገባሁ። አፕት ራሱ የተጻፈው በሲ ፕላስ ፕላስ ስለሆነ ያለ ፓይተንም ይሠራል፤ ያ አዳነኝ። አይፒውን በእጄ አስገብቼ የጠፉትን አንድ በአንድ መለስኩ። «ፓይተን3»ም ወደ 3.6 ተመለሰ።

የዴቢያን (ኡቡንቱ የተመሠረተበት ሲስተም) እና የኡቡንቱ ሰዎች ከአንድ የፓይተን ቨርዥን ወደ ሌላው የሚደረገውን ሽግግር እንዴት እንደሚመሩት ያነበብኩት ከዚያ ወዲህ ነው። አዲሱን ቨርዥን መጀመሪያ ከአሮጌው ጎን ያስገቡታል። ሞጁሎቹን ለሁለቱም ኮምፓይል ያደርጋሉ። የተሰበረውን እየለቀሙ ይጠግናሉ። ዲፎልቱን («ፓይተን3» ሲባል የሚጠራውን) የሚቀይሩት ከዚያ በኋላ ነው፤ አሮጌው የሚወጣው በመጨረሻ። ወራት ሊፈጅ ይችላል። ትዕግሥታቸው ከልብ ያስደንቀኛል። እኔ በአንድ ምሽት ከመጨረሻው ነበር የጀመርኩት።

ለባልደረባዬ በ3.8 የሚሠራ የራሱ ቨርቹዋል ኢንቫይሮመንት (ከሲስተሙ ፓይተን የተለየ የሥራ ቦታ) አዘጋጀንለት። ፕሮግራሙ በዚያው ሳምንት ሥራ ጀመረ። የሲስተሙን 3.6 ማንም ሳይነካው ቆየ፤ ሰርቨሩን 3.8ን ይዞ ወደመጣው ኡቡንቱ 20.04 እስክናሻግረው ድረስ። ያን ቀን የሚጠፉትን ፓኬጆች ዝርዝር አትሜ፣ ከባልደረባዬ ጋር ቁጭ ብለን በእስክሪብቶ እያሰመርን አነበብነው።