የስድስተኛ ወር ማስታወሻ፦ ያልለካሁት 0.22 ኦም

የኤሌክትሪክ ፍተሻና ሙከራ መማር ከጀመርኩ ስድስት ወር ሞላኝ። ባለፈው ስለ መሣሪያዎቹ ነበር የጻፍኩት። የዛሬው ስለ ሪፖርቱ ነው፤ እንዲያውም ስለ አንድ ቁጥር።

ሥራው የታደሰ ክፍል የሶኬት መስመር መፈተሽ ነበር። 2.5 ካሬ ሚሊሜትር የመዳብ ሽቦ፣ 16 አምፔር ብሬከር፣ ስድስት ሶኬት። ኃይል ሳይለቀቅ የሚደረጉት ሙከራዎች ለእኔ ተሰጡኝ። መጀመሪያ በዓይን አየሁ። ቀጥሎ የመሬት ሽቦው ከቦርዱ እስከ እያንዳንዱ ሶኬት ሳይቋረጥ መድረሱን መለካት ጀመርኩ። አምስቱን ለካሁ። ስድስተኛው ከከባድ ቁም ሳጥን ጀርባ ነበር።

ርቀቱን አውቀዋለሁ፣ 30 ሜትር ገደማ ነው። የዚህ ውፍረት መዳብ በሜትር 7.4 ሚሊ ኦም አካባቢ ተቃውሞ አለው። አባዛሁና 0.22 ኦም ብዬ ሞላሁት። ያኔ እንደ ውሸት አልታየኝም። አምስቱም ንባቦች ከስሌቱ ጋር ገጥመውልኝ ነበር።

አሰልጣኜ ወረቀቱን አይተው ሲጨርሱ አንድ ነገር ብቻ ጠየቁኝ። «ስድስተኛውን የት ቆመህ ነው የለካኸው?»

መልስ አልነበረኝም። አልተቆጡኝም። ቁም ሳጥኑን አብረን ገፋነው። ስለካው መሣሪያው ንባቡ ከመለኪያ ክልሉ ውጪ መሆኑን አሳየኝ፤ ግንኙነት የለም ማለት ነው። ሶኬቱን ስንፈታው የመሬት ሽቦው ብሎኑ ሥር አልገባም፤ ወደ ጎን ታጥፎ ቀርቷል።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም እንቅልፍ የነሳኝ ይሄ ነው። ፌዝና ኑል (ከረንቱ የሚመጣበትና የሚመለስበት ሽቦ) በደንብ ስለታሰሩ ያ ሶኬት ይሠራል። የሰኩበት ነገር ሁሉ ይበራል። የመሬት ሽቦው የሚፈለገው ብልሽት በመጣ ቀን ብቻ ነው። ለምሳሌ በልብስ ማጠቢያ ማሽን ውስጥ ፌዙ ከብረት አካሉ ጋር ቢነካካ፣ መሬቱ ካለ ከባድ ከረንት ይፈስና ብሬከሩ ወዲያው ይወርዳል። ዓይነት ቢ የሆነ 16 አምፔር ብሬከር ወዲያው እንዲወርድ አምስት እጥፉን፣ ማለትም 80 አምፔር ይፈልጋል። በ230 ቮልት ሲሰላ የዙሩ፣ ማለትም የብልሽቱ ከረንት ሄዶ የሚመለስበት መንገድ ጠቅላላ ተቃውሞ ከ2.87 ኦም መብለጥ የለበትም ማለት ነው። መሬቱ ከሌለ ግን ከረንቱ የሚሄድበት መንገድ የለም። ብሬከሩ ዝም ይላል፣ የማሽኑ አካል 230 ቮልት ይዞ ይቆማል። 30 ሚሊ አምፔር አርሲዲ (ከረንት ወደ መሬት ሲያፈተልክ የሚቆርጥ መሣሪያ) ቢኖርም የሚቆርጠው ሰው ሲነካው ነው። መንገዱ ያ ሰው ይሆናል።

ስሌቱ የሽቦው ተቃውሞ ስንት መሆን እንዳለበት ነገረኝ። መታሰሩን ግን ሊነግረኝ አይችልም።

ከዚያ ወዲህ አሠራሬን ቀየርኩ። ቁጥሩን የምጽፈው መሣሪያው እጄ ላይ እያለ ነው፤ ማታ ከትዝታ አልሞላም። ያልደረስኩበት ቦታ ካለ «አልተለካም» ብዬ ምክንያቱን እጽፋለሁ፣ ለባለቤቱም እነግረዋለሁ። ሳንቲሜትር የማይሞላ ባዶ ሳጥን ላይ ይህን መጻፍ መጀመሪያ ያሳፍራል። አሁን ግን ሁሉም ሳጥን የተሞላና ሁሉም ንባብ አንድ ዓይነት የሆነ ሪፖርት ሳይ ነው የምጠራጠረው። የመለኪያ ገመዶቹንም ሳልዘነጋ ዜሮ አደርጋለሁ። ረጅሙ ገመድ የራሱ ተቃውሞ ስላለው፣ 0.2 ኦም በምንፈልግበት ቦታ ንባቡን በቀላሉ ያዛባዋል።

የኢንሱሌሽን (የሽቦ ሽፋን) ሙከራም ላይ ተመሳሳይ ፈተና ገጥሞኛል። ዓለም አቀፉ የኤሌክትሪክ ዝርጋታ ደረጃ፣ የአይኢሲ 60364 ክፍል 6፣ ለእንዲህ ዓይነት መስመር በ500 ቮልት ዲሲ ተለክቶ ቢያንስ 1 ሜጋ ኦም ይጠይቃል። (ተራ መልቲሜትር በባትሪው ትንሽ ቮልት ስለሚለካ ለዚህ አይሆንም።) አንድ መስመር 0.4 ሰጠኝ። የሥራው ተቋራጭ ኃይል ቶሎ እንዲለቀቅ አጥብቆ ይፈልግ ነበር። ፈልገን ስናገኘው የቮልቴጅ መከላከያ ሳይነቀል ቀርቶ ኖሯል። ነቅለን ስንለካ ከ200 በላይ ሆነ። መጀመሪያ የታየውን 0.4ም ከነምክንያቱ ጻፍኩት፣ ነገ ሌላ ባለሙያ ያው ንባብ ቢያጋጥመው የት እንደሚፈልግ ያውቃል።

ወደዚያ ስድስተኛ ሶኬት ልመለስ። ሽቦውን በደንብ አስረን ስንለካ 0.24 ሆነ። ወረቀቱን እንደ አዲስ ልሙላው ብዬ ነበር፤ አሰልጣኜ አልፈቀዱልኝም። 0.22 በአንድ መስመር ተሰረዘ፣ እስካሁንም ይነበባል። አጠገቡ 0.24፣ ቀኑና ፊርማዬ አለ።